«አማኑኤል» የሚለው ስም

አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት መሆኑን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ከተማ አንድ ሰው በንግግሩ ሲዘባርቅ ወይም በቁጣው ልክ ሲያልፍ ባልንጀሮቹ «ይህስ አማኑኤል ያስፈልገዋል» እያሉ ሲሳለቁ፣ ያ የተቀደሰ ስም ስድብ ሆኖ ይውላል። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ስለ ኖረ፣ የስፍራው ስም ከደዌው ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ሕዝባችን ስለ አእምሮ ሕማም አያውቅም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለመለየትማ ስንት ቃል አለን፦ ወፈፍ ያደረገው፣ የተለከፈ፣ ዛር የያዘው፣ ቡዳ የበላው፣ የቀወሰ፣ ለይቶለትም ያበደ። አንዳንዱ ስም የደዌውን መነሻ ብቻ ሳይሆን የሚኬድበትንም ደጅ ጭምር ይናገራል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ነዋሪዎችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጠው፣ ሰዉ በብዛት የአእምሮ ሕማም ምልክት አድርጎ የቆጠረው ልፍለፋን፣ ጠበኝነትንና እንግዳ ጠባይን ነበር፤ ለአካል ሕማም ሐኪም ቤትን ሲመርጥ፣ ለአእምሮ ሕማም ግን የባህሉን ፈውስ መረጠ። እንግዲህ ዓይናችን የሚጮኸውን እንጂ ዝም ያለውን አያይም ማለት ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውለው፣ እህል የማይጥመው፣ እንቅልፍ የከዳው፣ ዛሬ ሐኪሞች «ድባቴ» በሚሉት ሕማም የተያዘው ሰው፣ እርሱም ራሱ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይወረኛል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማያገኝ፣ የራስ ምታት ክኒን ይሰጠዋል፤ አለዚያም ሰነፍ ይባላል።

የሚጮኸውም ቢሆን መታየቱ አልጠቀመውም። አንዲት ጎረቤታችን ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በመጡ ዕለት የታመመውን ወንድሟን ከጓሮ ባለች ማድ ቤት ቆልፈውበት፣ የእግሩ ሰንሰለት ሲንቀሳቀስ እንዳይሰማ በብርድ ልብስ ጠቅልለውት፣ ራሳቸው የተቆላውን ቡና ከወትሮው አበርትተው ሲወቅጡ አይቻለሁ። ሙቀጫው ጋብ ባለ ቁጥር ጆሯቸውን ወደ ጓሮ ይጥሉ ነበር። ሰንሰለቱን ያጠለቁለት ከጭካኔ አልነበረም፤ ወንዝ እንዳይገባ፣ መኪና እንዳይበላው ሰግተው እንጂ። ብርድ ልብሱ ግን ለሽማግሌዎቹ ነበር፤ ዘር ቆጣሪ ሁሉ «በቤቱ ያበደ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃልና። በዚያው በቡታጅራ አካባቢ 178 የሕሙማን ዘመዶች ተጠይቀው ከመቶው 75ቱ መገለል እንደሚሰማቸው፣ 37ቱም ሕማሙን ለመሰወር እንደሚሹ ተናግረዋል። በቅዱስ መጽሐፍ ግን ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ፣ ንጉሥ ሆኖ ሳለ፣ ሕማሙን በግልጥ የነገሩትና በገና የሚደረድርለት ሰው ይፈለግ ያሉት የገዛ አገልጋዮቹ ነበሩ፤ ዳዊትም የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጠበል መሄድን የምነቅፍ አይደለሁም። በእንጦጦ ተራራ ጎሕ ሳይቀድ ሕሙማኑን ግራና ቀኝ ደግፈው የሚወጡት እናቶችና ወንድሞች የሚያገኙት ተስፋ፣ በብዙ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አይገኝም። የሚያሳዝነኝ «ክኒን ከጠበል ጋር አይሄድም» ተብለው መድኃኒቱን ጥለው የሚመለሱት ናቸው፤ ስኪዞፍሬንያን የመሰለ ደዌ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚሻ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው ደህና ነኝ ብሎ ባቋረጠው በጥቂት ወራት ሊያገረሽበት ይችላል፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ በመድኃኒቱ ወይም በእምነቱ ማነስ ይሳበባል። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ገልጠው ነበር። ለደም የተፈቀደው ለአእምሮ የማይፈቀድበት ምክንያት አይታየኝም።

የሐኪሙም እጥረት ቀላል አልነበረም። በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና እስኪጀመር ድረስ፣ ይህን ሙያ የሚሻ ሐኪም ባሕር ተሻግሮ መማር ነበረበት፤ ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ውጭም በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ይገኛሉ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ጩኸት የሚያሰማ ወይም ዝም ያለ ሕመምተኛ ቢኖር፣ ወደ ጠበል ስትወስደው በመንገድህ ካለው ጤና ጣቢያ ጎራ በልና የአእምሮ ሕክምና የት እንደሚሰጥ ጠይቅ፤ መድኃኒት ከተጀመረለትም ሐኪሙ ሳያዝ አታቋርጥበት።