ቅቤ የተተከለን ኩላሊት ይደፍናል?

«ኩላሊት የተተከለለት ሰው ቅቤ ከቀመሰ ስቡ ሄዶ አዲሱን ኩላሊት ይደፍነዋል» የሚል ወሬ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። አይደፍነውም። የበላነው ስብ አንጀት ውስጥ ይፈጫል፣ በጥቃቅን ቅንጣቶች ተጠቅልሎ ደም ውስጥ ይገባል፣ ጡንቻ ያቃጥለዋል፣ ትርፉ ቦርጭ ይሆናል። ሄዶ ኩላሊት የሚደፍንበት መንገድ የለም። የሚያናድደኝ ወሬው እውነተኛውን አደጋ ማስረሳቱ ነው።

የተተከለለት ኩላሊት በደህና እየሠራ ሳለ የሰውን ሕይወት ከሚቀጥፉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ጉበት ላይ ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ እንዳሳየው፣ የጉበት ሕዋሳት ገጽ ላይ ያሉ ተቀባዮች ኮሌስትሮል የተሸከሙትን ኤልዲኤል የሚባሉ ቅንጣቶች ከደም እየለቀሙ ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ልክ የታክሲ ረዳት ተሳፋሪ እየጠራ እንደሚያስገባው። ቅቤ፣ ጮማና የሚረጋ ዘይት ሲበዛ ተቀባዮቹ ይመናመናሉ። ያልተለቀመው ቅንጣት ደም ውስጥ ሲዞር ይቆይና የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል፤ ዓመታት እየቆጠረ ቧንቧውን ያጠብበዋል። የተተከለው ኩላሊት የራሱ የደም ሥሮችም ከዚህ አያመልጡም፤ ግን ያ በአንድ ማንኪያ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ይህ በማንኛችንም ላይ ይደርሳል። ተከላ ያደረገው ሰው ላይ ግን ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚወስደው መድኃኒትም ይጨመርበታል። ፕሬድኒሶሎን ጉበት ብዙ ስብ ወደ ደም እንዲልክ ይገፋዋል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ስኳር ያስነሣል። ሳይክሎስፖሪን ኤልዲኤል ከደም የሚወገድበትን ፍጥነት ያዘገያል። ታክሮሊመስ በኮሌስትሮል በኩል ለዘብ ቢልም ለስኳር በሽታ በር ይከፍታል። ስለዚህ ቅቤ ትቶ በነጭ ዳቦና ስኳር በበዛበት ሻይ መካስ አያዋጣም። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነጻ» የሚል አይቶ የፓልም ዘይት መግዛትም እንዲሁ፤ የትኛውም የዕፅዋት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል፣ የፓልም ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። ኑግና ሱፍ በዚህ በኩል በጣም ይሻላሉ።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው ከተባለ፣ እዚህ ላይ ቆጠብ ማለት ያስፈልጋል። ኩላሊት የተተከለላቸው 2,102 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው «አለርት» ጥናት ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፍሉቫስታቲንን፣ ፈትኖ ነበር። ኤልዲኤል 32 በመቶ ቀነሰ፤ በዋናነት የተያዘው መለኪያ ግን አሳማኝ ልዩነት አላሳየም፤ በልብ ሕመም መሞትና ገዳይ ያልሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም ብቻቸውን ሲቆጠሩ 35 በመቶ ቀንሰዋል። ከዚህ ተነሥቶ «ስታቲን አይሠራም» የሚልም አለ፣ «ተረጋግጧል» የሚልም፤ ሁለቱም ቸኩለዋል። ደግሞም ያ ጥናት የመድኃኒት እንጂ የገበታ አልነበረም። ስታቲንን ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ ግን የለየለት አደጋ ነው፦ ሳይክሎስፖሪን ደም ውስጥ ያለውን የስታቲን መጠን ያንረዋል፣ ጡንቻ ሊፈርስ፣ ፍራሹም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሲምቫስታቲን ከሳይክሎስፖሪን ጋር ጭራሽ አይሰጥም። ኖርዌይ ውስጥ የዓሣ ዘይት በተከላ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብ ቢቀንስም የኩላሊትን ሥራ አላሻሻለም። ተልባም ከዓሣ ዘይት እኩል አይቆጠርም፤ ሰውነታችን የተልባን ኦሜጋ 3 ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው በጣም በጥቂቱ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ስቡ ክኒኑ ላይ የሚያደርሰው ነው። ጤናማ ሰዎች ታክሮሊመስን ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወስዱ ወደ ደማቸው የገባው መድኃኒት በአጠቃላይ 37 በመቶ ቀነሰ፤ ከፍተኛው መጠን ደግሞ 77 በመቶ ወረደ። በባዶ ሆድ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ውሰዱ የሚባለው ለዚህ ነው። አሁን ሐኪሙ ፈቅዶለት ዐቢይ ጾምን የጾመ ሰው አስቡ። 55 ቀን ሙሉ የንጋት 12 ሰዓቱን ክኒን የሚውጠው በባዶ ሆድ ነው፤ ሐኪሙም መጠኑን የሚያስተካክለው በዚያ ልክ ነው። በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ንጥር ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ ይቀርባል፤ ገበታው እስከ 11 ሰዓት ይዘልቃል፤ ክኒኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያ ላይ ይዋጣል። አንድ ሌሊት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከዚያ በኋላ ግን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ቁርሱም በጊዜ ነው።

የደም ምርመራው ሲመጣ መድኃኒቱ አንሶ ይገኛል። ሐኪሙ ስለ ቁርሱ ካልሰማ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። የሰኔ ጾም ገብቶ ሆዱ እንደገና ባዶ ሲሆን ያው የተጨመረው መጠን ደም ውስጥ ይበዛል፤ ታክሮሊመስ ሲበዛ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚገቡትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ለደም ምርመራ የሚሄድ ሰው ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደወሰደና ከዚያ በፊት ምን እንደበላ ጽፎ ቢይዝ ይሻለዋል።