ያውቁ ኖሯል? ዘንባባ፣ ፓልምና ኑግ

በእንጅባራ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ውስጥ ረግቶ የሚያስቸግረው ዘይት ከፓልም ፍሬ የተጨመቀ ነው። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ለገበያ የሚወጣው ፈሳሹ ክፍል ተለይቶ ቢሆንም ደጋ ሲወጣ ይነጣል፣ ይወፍራል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ቢያቆዩት ይመለሳል። የኑግ ዘይት ግን በዚያ ብርድ አይረጋም፤ ሦስት አራተኛው ገደማ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቀጭን ቅባት ነውና።

የሆሳዕና ዕለት በግንባራችን የምናስረው ዘንባባ የፓልም ዘመድ እንጂ ራሱ ፓልም አይደለም። የእኛው ለሰሌን እንጂ ለመጥበሻ አልተፈጠረም!

ዘይት ሰጪው ፓልም አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። በ1848 እ.ኤ.አ. ጃቫ ደሴት፣ ቦጎር ላይ 4 ችግኞች ተተከሉ። የደቡብ ምሥራቅ እስያ እርሻ በአብዛኛው የተራባው ከነዚህ ነው። አፍሪካዊው ተክል እስያ ከርሞ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በጂቡቲ በኩል ድስታችን ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ማሌዥያ እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ድረስ አበባውን ለማዳቀል ሰው ቀጥራ ታሠራ ነበር። ከካሜሩን አንዲት ትንሽ ነቀዝ ስታስመጣ ሥራው ለነፍሳቱ ተተወ።

አንዱ ፍሬ ሁለት ዓይነት ዘይት ይሰጣል። የሥጋው ዘይት ለምግብ ነው፤ የፍሬው እንብርት ዘይት ደግሞ በብዛት ለሳሙና ይውላል።

በአፋር በረሃ የሚበቅለው ዱም የተባለው ዘንባባ የፍሬው አስኳል እንደ ዝሆን ጥርስ ይጠነክራል። በጣሊያን ዘመን ከኤርትራ ተጭኖ የልብስ ቁልፍ ይሠራበት ነበር።

ኢንዶኔዥያ ሚያዝያ 20 ቀን 2014 ዓ.ም የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች፤ ግንቦት 15 ፈቀደች። ዘይቱን ከውጭ ለሚያስገባ አገር ሦስት ሳምንት ቀላል አይደለም።

አንድ ሄክታር ፓልም በዓመት ከ3 እስከ 4 ቶን ዘይት ይሰጣል። ኑግ ከዚህ አንድ አሥረኛውን ቢሰጥ ነው። ይህን ያነበበ ኑግን ሊንቅ ይችላል፤ ነገር ግን ፓልም የጎጃምን ደጋ አይችልም። ኑግ ውኃ በሚቋጥር መሬት ላይ እንኳ ይቆማል፣ መስከረም ላይ ቢጫ አበባውን ለንብ ይሰጣል፣ ከተጨመቀ በኋላም ፋጉሎው ለከብት ይተርፋል። ራሱን በራሱ ስለማያዳቅል ንብ ካልጎበኘው ፍሬው ይመነምናል፤ ቀፎ ያለው ገበሬ ከማሩም ከኑጉም ይጠቀማል።

አሜሪካ ውስጥ ኑግ የወፍ ቀለብ ነው። ወደዚያ ሲገባ ግን አብሮት የሚመጣው የአረም ዘር እንዳይበቅል አስቀድሞ በሙቀት ይመታል።