የአሮጌ መጋዝ ስምና ዕድሜ

የነጋዴ ስም ከሱቁም ከዕቃውም ይልቅ ዕድሜ አለው። ለዚህ አሮጌ የእጅ መጋዝ በቂ ምስክር ነው። ሠሪው ከሞተ፥ ፋብሪካውም ከተሸጠ በኋላ በእጀታው ላይ የቀረው ምልክት ዛሬም ለገዢ ቃሉን ይሰጣል። ምልክቱን ማንበብ ያልቻለ ሻጭ ግን ውዱን ዕቃ በርካሽ ይለቃል፤ ያላወቀም ገዢ ተራውን በውድ ይሸምታል።

ለምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ የነበረው የዲስተን ፋብሪካ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሄንሪ ዲስተን በ1819 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በ1833 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1840ም የራሱን የመጋዝ ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን የተመሰገነው አረብ ብረት የሚመጣው ከእንግሊዝ ከሸፊልድ ከተማ ነበር። ዲስተን ግን በ1855 የራሱን ብረት ማቅለጥ ጀመረ።

የመጋዙን ዕድሜ ለማወቅ በመጀመሪያ የሚመረመረው እጀታውን ከብረቱ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖች መካከል ተለቅ ያለው የነሐስ ሜዳልያ ነው። በ1865 የዲስተን የበኩር ልጅ ሐሚልተን ሸሪክ በሆነ ጊዜ የድርጅቱ ስም «ሄንሪ ዲስተንና ልጁ» ተባለ፤ ከ1871 ጀምሮ ደግሞ «ዲስተንና ልጆቹ» ሆነ። ልዩነቱ በእንግሊዝኛው የአንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ ሆኖም «ልጁ» የሚለው ሜዳልያ የእነዚያን የስድስት ዓመታት ሥራ ለይቶ ያሳያል። የከተማይቱም ስም አጻጻፍ ይረዳል፤ ቀድሞ «ፊላዳ» ተብሎ ያጥር የነበረው ከ1917 ገደማ ወዲህ «ፊላ» ተብሎ ይገኛል። ፋብሪካው በ1955 ለሌላ ኩባንያ ተሸጧል።

ይሁን እንጂ ሜዳልያው የሚመሰክረው ለእጀታው ነው። የተሰበረ እጀታ በሌላ ይለወጣልና፥ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች በትክክል መግጠማቸውንና በእንጨቱ ላይ ያለፈ ቀዳዳ ምልክት አለመኖሩን መመልከት ይገባል። ለብረቱ የሚመሰክረው በራሱ ላይ በመዶሻ የተመታው ወይም በአሲድ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው።

ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው የሚስተው ንስር በተቀረጸበት ሜዳልያ ላይ «የተረጋገጠ፥ የላቀ» የሚል ትርጉም ያለውን ጽሑፍ ሲያይ ነው። ይህ የአንድ ፋብሪካ ስም አይደለም። ብዙ ሠሪዎች በተለይ ዝቅ ባለ ዋጋ በሚሸጡት መጋዝ ላይ ያኖሩት የወል ምስጋና ነው። ሠሪው ስሙን ያልሰጠበት ምስጋና ለዋጋ መነሻ ሊሆን አይገባውም።

ሕግም ዕድሜን ለመለየት ይረዳል። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገርዋ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አዘዘች። ስለዚህ በዚያ ገበያ የተገኘና የአገር ስም የተጻፈበት የእንግሊዝ መጋዝ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የገባ ነው።

በመጨረሻም ለሻጮች አንድ ምክር አለ። የዛገውን መጋዝ አብለጭልጮ ለማቅረብ ሲሉ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ አሉ። በአሲድ የተቀረጸው ጽሑፍ እጅግ ስስ ስለ ሆነ ከዝገቱ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ ከጠፋም አይመለስም። ጽሑፉ ባለበት ስፍራ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ደቃቅ ወረቀት ዘይት አስነክቶ በዝግታ ማሸት ይበቃል። ብረቱ ቢያብለጨልጭ፥ ስሙ ግን ቢጠፋ፥ ሻጩ ያተረፈ መስሎት ዋናውን ገንዘብ በገዛ እጁ ፍቆ ጥሎታል።