አሞሌን የጣለ ገበያ ለማር ነጋዴውስ ይራራል?

በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ማርና ቅቤ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ጠባብ ሱቆችን የማያውቅ የለም። ባለቤቱ ሌላ ዕቃ አይሸጥም። ደንበኛው ይገባል፣ ከባልዲው በጣቱ ይቀምሳል፣ «የየት አገር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይከራከርና ይገዛል። ዛሬ ከዚህ ሱቅ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሱፐርማርኬት አለ። ማሩ በብልቃጥ ታሽጎ፣ ስምና ዋጋ ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል። ከዚያም ዝቅ ብሎ በቴሌግራም «ንጹሕ የገጠር ማር እቤትዎ ድረስ እናደርሳለን» የሚል ማስታወቂያ አለ። የማርና ቅቤው ባለቤት በርበሬና ሽሮ፣ ቀጥሎም ዘይትና ሳሙና እያስገባ ሄዶ ሄዶ እንደማንኛውም ሱቅ ይሆናል፤ አለዚያም ቁልፉን ለአከራዩ ያስረክባል።

ለምን ቢባል ነጋዴው ሁሉ የሚሰጠው መልስ «ዋጋ ነው፣ እነሱ በርካሽ ይሸጣሉ» የሚል ነው። ነገር ግን በሱፐርማርኬት የሚሸጥ ማር በኪሎ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከሰፈር ሱቁ ይወደዳል እንጂ አይረክስም። እንግዲያው ደንበኛው ጨምሮ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ከመርካቶ ይልቅ ሰቆጣን መመልከት ይጠቅማል። የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ አንድ ታላቅ የባለ አንድ ሸቀጥ ንግድ ሲያብብም ሲከስምም አይታለች። ይኸውም የአሞሌ ጨው ንግድ ነው።

የጨው መናኸሪያ

እ.ኤ.አ. በ1911 የታተመው የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ ሰቆጣን ከአገሪቱ ታላላቅ ማዕከላዊ ገበያዎች አንዷ አድርጎ ይገልጻታል። በርካታ የንግድ መንገዶች የሚገናኙባት መሆኗንና በተለይ የጨው ነጋዴዎች የሚበዙባት መሆኗንም ይጨምራል። በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ከአሳሌ ሐይቅ ዳር የሚቆረጠው አሞሌ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ዋግ፣ ከዋግም ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይዘልቃል። አሞሌ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አሞሌ ከሚቆረጥበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ ታዝቦ ጽፏል። የትርፉ ምንጭ ይኸው ርቀት ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ከርቀቱ ሌላ ነጋዴው የሚሸጠው ነገር ነበረው፤ ዕውቀቱን። ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ስንት ይቀንሳል? እርጥበት የገባበትንና ደረቁን በዓይን እንዴት ይለዩታል? ክረምቱንስ ሳይሟሟ እንዴት ይሻገራል? ይህን የማያውቅ ሰው ጨው ነግዶ አያተርፍም ነበር። ገዢውም የሚያምነው ጨውን ሳይሆን የጨው ነጋዴውን ነው።

ታዲያ ይህ ንግድ በምን ወደቀ? ግማሹ መልስ መንገድና መኪና ነው። ዋናው ግን ሌላ ይመስለኛል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው የባሕር ጨው ተቋረጠ፤ የአፍዴራ ጨውም ያን ክፍተት ሞላ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 አዮዲን ያልተቀላቀለበትን ጨው ለሰው ምግብ ማቅረብን ከለከለ። ደጋው በአዮዲን እጥረት በእንቅርት ሲጠቃ የኖረ በመሆኑ ደንቡ ትክክል ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። በገበያው ላይ ያደረገው ለውጥ ግን ሊስተዋል ይገባል። አዮዲን በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይቀመስም። መኖሩን የሚናገረው የፓኬቱ ጽሑፍ ብቻ ነው። የጨው ነጋዴው የዘመናት ዕውቀት በአንድ ፓኬት ተተካ፤ ፓኬቱን ደግሞ ከረሜላና ክብሪት የሚሸጥ ልጅም ሊሸጠው ይችላል።

አሞሌ ጨርሶ አልጠፋም። ከብት አርቢው አሁንም ለከብቱ ያስልሰዋል። ከማጀት ወጥቶ በረት ገባ ቢባል ይሻላል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» የሚለው ተረት በራሱ በጨው ላይ ደረሰ።

ተራው የማር ነው

ዋግ ዛሬ ወደ መሐል አገር ከሚልካቸው ሸቀጦች መካከል ስመ ጥሩው ነጭ ማሩ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ መንተሴን የመሳሰሉ ቁጥቋጦዎች ያብባሉ፤ ማሩም ይቆረጣል። አገሩ ደረቅና ተራራማ ስለሆነ እርሻው ያላዋጣው ገበሬ በንብና በፍየል ይደጎማል። ከከብት ንክኪ የተከለሉ ተራሮች ባገገሙባቸው ቀበሌዎች ንቡም አብሮ ያገግማል።

የሰቆጣ ማር ነጋዴ ችግር የሚጀምረው ከቀን መቁጠሪያው ነው። ማር የሚሰበሰበው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲሆን የሚሸጠው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። እንበልና ነጋዴው በኅዳር የ100 ብር ማር ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ በእኩል መጠን ቢሸጠው፣ ገንዘቡ በአማካይ ስድስት ወር ማር ውስጥ ታስሮ ይቆያል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው ብንል 9 ብር በዚሁ ሄደ ማለት ነው። የሱቅ ኪራዩን፣ የመኪናውንና የሚፈሰውን ገና አልቆጠርንም። ሱፐርማርኬቱ በበኩሉ ብልቃጡን ከአቅራቢው በዱቤ ይረከባል፣ ይሸጣል፣ ከዚያ ይከፍላል። ወለዱን የሚሸከምለት አቅራቢው ነው። ቢከስር እንኳ ኪሳራውን ስኳሩና ዘይቱ ይሸፍኑለታል። ባለ አንድ ሸቀጥ ነጋዴ ግን ማሩ ካልተሸጠለት ሌላ የሚደገፍበት የለውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነጋዴው እንደ ጨው ነጋዴው ዕውቀቱን ቢሸጥ ኖሮ ልዩነቱን ይሸፍንለት ነበር። ዕውቀቱ ግን ራሱ ጥርጣሬ ላይ ወድቋል። ማር በስኳር ሽሮፕ እንደሚበረዝ ገዢው ሰምቷል፤ እንዴት እንደሚለየው ግን አያውቅም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፉ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛውም ይኸው ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ ማር የያዘው በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ይወጣል፤ የበረዘው ይቀራል። አከርሎፍ የጻፈው ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ነበር። አንድ ቀን መርካቶ ቢውል ኖሮ ስለ ማርና ቅቤ ይጽፍ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

እንግዲህ በሱፐርማርኬት ተጨማሪው ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ደንበኛው ማሩን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ደረሰኝ መቀበሉንና ቢጣላ የሚመለስበት በር መኖሩን ነው። እንደ ሸዋና ኩዊንስ ያሉ ሱፐርማርኬቶች ማር አዋቂ ሆነው አይደለም የሚሸጡት።

የሚያስቀው ደግሞ ገዢው «አወቅሁ» ሲል የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ነጭ ማር በተፈጥሮው ቶሎ ይረጋል፤ እህል እህል እያለ ይጠጥራል። ይህ የግሉኮሱ መጠን ከፍ ከማለቱ የሚመጣ እንጂ ስኳር የተጨመረበት ምልክት አይደለም። የከተማው ገዢ ግን የረጋውን ሲያይ «ስኳር ነው» ብሎ ይሸሻል፤ ፈሳሹንና የሚያንጸባርቀውን ያነሣል። አሻጊውም ይህን ስለሚያውቅ ማሩን ያሞቀዋል፤ ሲሞቅ ይፈስሳል፣ መዓዛው ግን ይቀንሳል። ስለዚህ የዋግ ማር መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ዋግን የሚመስልበትን ባሕርይ ጥሎ ነው የሚወጣው። በማርና ቅቤው ሱቅ ባለቤቱ «ይህማ የረጋ ነው፣ ለሞቀ ውኃ ስጠው» ብሎ ያስረዳ ነበር። መደርደሪያ አያስረዳም።

ኢንተርኔቱስ?

ብዙ ጊዜ ሱፐርማርኬትና ኢንተርኔት በአንድነት የትንሽ ሱቅ ጠላት ተደርገው ይነሣሉ። በማር ረገድ ግን አንድ አይደሉም። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ሸቀጥ ነው። ቀፎው ሲከፈት፣ የማሩ እንጀራ ሲቆረጥ በቪዲዮ ያሳያል፤ ስለ መርጋቱም ያስረዳል። የድሮውን ሱቅ ወሬ በስልክ ይቀጥላል ማለት ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያው ቀሏል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1205) በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. ዘመን ገበያ የተባለውን መገበያያ ከፍቷል። ተጎጂው መሐል ላይ የተቀመጠው አከፋፋይ ነው።

ይህ ዕድል ግን ሰቆጣ ላለው ነጋዴ እኩል አልደረሰም። ዋግ በሰሜኑ ጦርነት ክፉኛ የተጎዳ አካባቢ ነው። ጦርነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ የተቋረጠባቸው፣ ሕዝቡም የተፈናቀለባቸው ወረዳዎች ነበሩ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ፣ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። በዚያ ወቅት «የሰቆጣ ማር» በቴሌግራም ሲሸጥ የነበረው ኔትወርክ ባለው ሰው እንጂ ሰቆጣ ባለው ሰው አልነበረም። ደንበኛ አንዴ ከሌላ ጋር ከለመደ መመለሱ ቀላል አይደለም። መንገዱም በላሊበላ ሆነ በኮረም በኩል የጸጥታው ሁኔታ እየታየ የሚኬድበት በመሆኑ አንድ ጭነት መቼ እንደሚደርስ ቃል መግባት ያስቸግራል። ሱፐርማርኬት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው የቀኑን ቃል ነው።

ስሙ የማን ነው?

በአዲስ አበባ ነጭ ማር ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠራው ትግራይን ነው። የትግራይ ነጭ ማር ዓለም አቀፉ ስሎው ፉድ ድጋፍ ከሚሰጣቸው ምርቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስሙ ተሠርቶበታል። ዋግ አጠገቡ ሆኖ፣ ተመሳሳይ አበባ ኖሮት፣ ስሙ አልተሠራበትም። እንዲያውም ሰቆጣ በመንግሥትና በለጋሾች ሰነድ በሰፊው የምትታወቀው በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሕፃናት መቀንጨርን የማስወገድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። ዓላማው መልካም ነው፤ ነገር ግን ለብልቃጥ ስያሜ አይመችም።

ስም በሕግ ሊያዝ ይችላል። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወል የንግድ ምልክትን ይፈቅዳል፤ ማኅበራት በጋራ አስመዝግበው ከአባላቱ ውጪ ሌላው እንዳይጠቀምበት ሊያደርጉ ይችላሉ። መንግሥት ለይርጋ ጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስሞች በውጭ አገር ያደረገው ክርክር ከስታርባክስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ያበቃ ሲሆን፣ ስም ራሱ ንብረት መሆኑን ለብዙዎቻችን ያስተማረን እርሱ ነው።

ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው። ችርቻሮ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተከለለ ዘርፍ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1973 ትናንሽ ባለሱቆቿን ለማዳን የትላልቅ መደብሮችን መከፈት የሚገድብ ሕግ እንዳወጣች ሁሉ የእኛም ክልከላ ለአገር ውስጥ ነጋዴ ጥላ ሆኖ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 ይህን አንሥቶ ችርቻሮን በሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። የውጭ ሱፐርማርኬት ሲመጣ ማር የሚፈልገው ባንድ ዓይነት ቀለም፣ ባንድ ዓይነት እርጥበት፣ በቶን ነው። የዋግ ነጋዴ ያንን ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ያቀርባል፤ በብልቃጡ ላይ የሚጻፈውንም ሌላ ይመርጣል።

በመጪው የማር ወቅት ወደ ዋግ ገንዘብ ለሚልክ ነጋዴ ወይም ደላላ ዋናው ጥያቄ የኪሎው ዋጋ መሆን የለበትም። የድሃናው ከአበርገሌው፣ የጋዝጊብላው ከዝቋላው ተለይቶ ተቀምጧል ወይስ አንድ በርሜል ውስጥ ተገላብጧል? የተቆረጠበት ወር ተጽፏል? ናሙናስ ተይዟል? ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የማር እርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ይህን የሚለካው መሣሪያ በአንድ እጅ የሚያዝ ሲሆን ጠብታ ማር ይበቃዋል። ለአንድ ጭነት መኪና ማር የሚከፍል ሰው መሣሪያውን ለመግዛት አቅም አያንሰውም። ገዝቶ ሰቆጣ ያለው ሰብሳቢ እጅ ላይ ያስቀምጠው፤ የሚለካውም በርሜሉ ከመታሸጉ በፊት ይሁን።