ተማሪው ሲያስተምር ፊርማው የማን ነው?

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሴሚናራችንን መጥተህ ካላየህ» ብላ ወደምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ይዛኝ ሄደች። ማርኬቲንግ የምታጠና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። «መምህራችሁ ማነው?» ብላት «እኛው ነን» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከሰሌዳው ፊት የቆሙት አንድ የስታቲስቲክስና አንዲት የማርኬቲንግ ተመራቂ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ጓደኞቻቸው አንዱን ላፕቶፕ ለሦስት ተካፍለው ተቀምጠዋል። ስም ጥሪ የለም፤ ማርክም የለም። ያም ሆኖ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ በሩ ያማተረ ተማሪ አላየሁም። እኔ ሕግ ስማር ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን ስናጠና ግማሻችን የምናስበው ስለ እራት ነበር።

ይህን የምጽፈው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ያ ክፍል ዛሬ ተዘግቷል። ለመዘጋቱም አንዱ ምክንያት እኔ ነኝ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ልጆቹ ምን ይሠሩ እንደነበር ላስረዳ።

የዕለቱ ጥያቄ የመጣው ከአንድ ተማሪ አባት ሱቅ ነው። አባትየው አነስተኛ ሱፐርማርኬት አላቸው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ለደንበኞቻቸው በስልክ የጽሑፍ መልእክት እየላኩ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ በቅናሽ መሸጥ መጀመራቸውን አስታወቁ። የወሩ ሽያጭ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ በልጦ ተገኘ። አባትየውም ማስታወቂያው እንደሠራ አምነው ለመልእክቱ ተጨማሪ ገንዘብ ሊመድቡ ተነስተዋል። ሁለቱ ወራት በግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው አፍ ያስይዛል። «ማስታወቂያው ሠርቷል የምትሉ?» ሲባል አብዛኛው እጁን አወጣ። እኔም ላወጣ ምንም አልቀረኝ።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን «በ2016 ፋሲካ መቼ ነበር የዋለው?» ብላ ጠየቀች።

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ስልኩን አወጣ። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12። እንግዲህ አስሉት። በመጀመሪያው ዓመት ከሚያዝያ ሠላሳ ቀናት ውስጥ የፍስክ ቀናቱ አራት ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም አንዱም አይቀነስም። እንቁላልና ቅቤ የሸጠው የአባትየው መልእክት ነው ወይስ የዐቢይ ጾም መፈታት? ከዚህ አኃዝ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ተመራቂው ልጅ መፍትሔውን በሁለት ከፍሎ አስረዳ። አንደኛ፣ ቀናቱን ከወሩ መባቻ ሳይሆን ከፋሲካ ዕለት ጀምሮ ወደፊትና ወደኋላ እየቆጠሩ ማነጻጸር። ሁለተኛና የተሻለው፣ ለወደፊቱ ደንበኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ ብቻ መልእክቱን መላክ፤ ሁለቱም ወገኖች ያው ጾም፣ ያው ደመወዝና ያው ዝናብ ስለሚያገኛቸው በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ከመልእክቱ የመጣ ነው ለማለት ያስደፍራል። የሁለቱ ወገኖች አማካይ ልዩነት የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን የሚለካው ስሌት «የተማሪው ቲ» ይባላል። ስሙ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ቀመሩን ያወጣው ዊሊያም ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጣሪ ነበር። ችግሩ የገብስና የሆፕስ ዓይነቶችን በጥቂት ናሙና ማወዳደር ነው። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው ጥናት እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ እ.ኤ.አ. በ1908 ጽሑፉን ያሳተመው «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ነው።

ይህ የፋሲካ ጥያቄ ከውጭ በመጣ የማርኬቲንግ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ እዚያ ያለው ገና ነው፤ ገና ደግሞ በየዓመቱ ያው ቀን ላይ ይውላል። መምህራኑን ልወቅስ አይደለም። አንድ ሥርዓተ ትምህርት እስኪከለስ ትምህርት ክፍሉን፣ ኮሌጁንና ሴኔቱን ማለፍ አለበት፤ ሶፍትዌሩ ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ በመውጫ ፈተና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ስላለበት መምህሩም ተማሪውም ዓይኑ ፈተናው ላይ ነው። የቅዳሜው ሴሚናር የተፈጠረው በዚህ ክፍተት ነው።

ተማሪ ተማሪን ማስተማሩም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠናል። በቅኔ ቤትም የታናናሾቹን ቅኔ ሰምቶ የሚያርመው ከተማሪዎቹ መካከል የበሰለው ነው። ነገር ግን የኔታ እዚያው አሉ። ልጁ ቢሳሳት የሚያርሙት፣ ወላጅ ቢመጣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሴሚናሩ ሊያልቅ ሲል ተማሪው የአባቱን ፋይል እንዳለ ከፈተው። በግድግዳው ላይ የደንበኞች ስልክ ቁጥር ከነስማቸው፣ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደገዛ በዝርዝር ወረደ። የሕፃን ወተት፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ የስኳር ሕመምተኞች ብስኩት። ሁለት ተማሪዎች ለማጥናት ብለው በስልካቸው ፎቶ አነሱት። የሕግ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትምና ተነስቼ «እነዚህ ሰዎች ፈቅደዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ «ስማቸውን እናጠፋዋለን» አለኝ።

ስም ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ ከ650 ሺሕ በላይ የሚሆኑ ደንበኞቹ በሦስት ወር ውስጥ የፈለጓቸውን ቃላት ይፋ አደረገ። ስሞቹ በቁጥር ተተክተው ነበር። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ግን በቀናት ውስጥ ከአንዱ ቁጥር ጀርባ ያሉትን የጆርጂያ ግዛት ነዋሪ ወይዘሮ ደጃፍ አንኳኩ። ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በሚፈልገውና በሚገዛው ጭምር ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ባለ ሱቅማ ይብሳል።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበርና የመጠበቅ መብት ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ሕጋዊ መሠረት ሳይኖር እንዳይሰበሰብና ለአንድ ዓላማ የተሰጠ መረጃ ለሌላ እንዳይውል ይጠብቃል። ወይዘሮዋ ስልክ ቁጥራቸውን ለባለሱቁ የሰጡት ቅናሽ እንዲነገራቸው እንጂ ሠላሳ ተማሪ እንዲያየው አይደለም። በሕግ ፊት መጀመሪያ የሚጠየቁት ምንም የማያውቁት አባትየው ናቸው።

ይህንኑ ተናግሬ ወጣሁ። ወሬው ትምህርት ክፍሉ ዘንድ ደረሰ። በሳምንቱ ልጆቹ ሲመጡ ክፍሉ ተቆልፎ ጠበቃቸው፤ «ያልተፈቀደ ትምህርት» ተባለ። የእህቴ ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ አንተ ያልከውን ነው የጠቀሱብን» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። እኔ የተናገርኩት ስለ ፋይሉ ነው። የተቆለፈው ግን በሩ ነው። ፋይሉ እስከ ዛሬ በተማሪዎቹ ስልክ ውስጥ አለ፤ ቁልፉ አንዲት ወይዘሮን እንኳ አልጠበቀም።

በር መቆለፍ ሌላም ቦታ ተሞክሯል። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 የመናገር ነጻነት እንቅስቃሴ በኋላ ተማሪዎች የራሳቸውን ኮርስ ማቋቋም ጀመሩ። በ1968 ከብላክ ፓንተር መሪዎች አንዱ የነበረው ኤልድሪጅ ክሊቨር በአንዱ ኮርስ አሥር ጊዜ እንዲያስተምር ታቀደ። ገዥው ሮናልድ ሬገን ተቆጡ፤ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ የውጭ እንግዳ በአንድ ኮርስ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳያስተምር ወሰነ፤ ተማሪዎችም ሕንፃ ያዙ። ነገሩ ግን በዚያ አልቀረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ «ዲካል» የተባለው ፕሮግራም ተቋቋመ። ዛሬ በየሴሚስተሩ ከመቶ በላይ ኮርሶችን ተማሪዎች ይመራሉ። ጥቂት ክሬዲትም ያሰጣሉ፤ ውጤቱ «አለፈ» ወይም «አላለፈም» ብቻ ስለሆነ ተማሪ ለጓደኛው ኤ የሚያድልበት ገበያ የለም። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ኮርስ አንድ መደበኛ መምህር ኃላፊነቱን ካልወሰደና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዕቅዱን ካላጸደቀ አይከፈትም። መምህሩ አያስተምሩም። ይፈርማሉ፤ ከፈረሙ ደግሞ ይጠየቃሉ።

እኛ ጋ የጎደለው ይህ ፊርማ ነው። ልጆቹ ፈቃድ ያልጠየቁት ስለናቁ አይደለም፤ የሚጠየቅበት ቅጽ ስለሌለ ነው። ትምህርት ክፍሉም መምረጥ የሚችለው ዝም ከማለትና ከመቆለፍ ነበር።

ስለዚህ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከሁለቱ ተመራቂዎች ጋር አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተናል። የሳምንቱ ርዕስ፣ ኃላፊነት የሚወስደው መምህር ስም፣ ከዚያም ስለ መረጃው፦ ከየት መጣ፣ ባለቤቱ በጽሑፍ ፈቅዷል ወይ፣ ስልክ ቁጥርና ስም ከግቢው ውጪ ተሰርዞ ነው የገባው፣ አንድን ሰው ሊያስለዩ የሚችሉ ግዢዎች ተጠቃለዋል ወይ፣ ሲያበቃ ማን ያጠፋዋል። ለፋሲካው ጥያቄ እኮ የቀን ጠቅላላ ሽያጭ ብቻ ይበቃ ነበር፤ የአንድም ሰው ስም አያስፈልግም። ፎቶ ያነሱትን ሁለቱን ልጆች የእህቴ ልጅ አነጋግራ ከስልካቸው እንዲያጠፉ እየተማጸነች ነው፤ አንደኛው እሺ ብሏል።

ወረቀቱን የሰጠናቸው መምህር አንብበው አልመለሱትም። ከመፈረማቸው በፊት አንድ ቅዳሜ ተቀምጠው ማዳመጥ እንደሚፈልጉ ነገሩን። ክፍሉ ገና ስላልተከፈተ ልጆቹ ከግቢው ማዶ ባለ ሻይ ቤት ነው የሚገናኙት። አሁን የሚያሳስባቸው እሳቸውን የት እንደሚያስቀምጧቸው ነው።