ውሻችን ደፋር ወደ ቢሾፍቱ የሄደበት ቀን

ሥራችን በፍርድ አደባባይ ተቀምጦ የከሳሽን፥ የተከሳሽንና የምስክርን ቃል መጻፍ ስለ ሆነ፥ በሃያ ዓመት ውስጥ የብዙ ሰው ቃል በእጃችን አልፏል። ስለ ውሻ የተነሣ ክርክርም ደጋግመን ጽፈናል፤ ውሻው ነከሰኝ፥ ውሻው በጌን በላብኝ የሚል አቤቱታ ከአደባባይ አይጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ2071ኛው አንቀጽ፥ እንስሳው ድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆን እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ አላፊ ነው ይላል። ነገር ግን ውሻው ራሱ ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ ከቶ አላየንም። ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ በአንድ እሑድ ቀን በቤታችን ውሻ ላይ የደረሰውን ነገር፥ እርሱ አንደበት ቢኖረው ይናገረው በነበረው መጠን በስሙ ጽፈን ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን። እርሱ ሊናገረው የማይችለውን እኛ እንጨምርበታለን፤ ጥፋቱም የማን እንደ ሆነ አንደብቅም።

ውሻው ደፋር ይባላል። ስሙን ያወጣለት የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ነው፤ ዳሩ ግን አህያ ባየ ቍጥር ከልጁ እግር ሥር ስለሚገባ ጎረቤት ሁሉ በስሙ ይሥቃል። ዐምስት ዓመት ሙሉ በቤታችን ሲኖር ከአጥራችን ውጭ የሄደው ለክትባት ብቻ ነበር። ልጃችን ለፋሲካ ዕረፍት ደፋርን ይዘን ወደ ቢሾፍቱ እንድንሄድ ለምኖ ባስፈቀደን ጊዜ እናታችን ተቃወሙ። «ልጄ፥ ውሻ ደጅ ሊጠብቅ ነው እንጂ ሽርሽር ሊሄድ ነውን የተፈጠረው?» አሉን። እኛም በልጅነታችን የተማርነውን አንሥተን፥ ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎት እንደ ነበረ በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፏል ብለን መለስንላቸው። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው፥ «እነዚያንስ መልአክ ይመራቸው ነበር፤ ይኸን ማን ሊጠብቀው ነው?» አሉ። ሣቅንና ሄድን።

እንግዲህ የደፋር ቃል እንዲህ ይላል።

«ሌሊቱን ደጅ ስጠብቅ አድሬ ጎሕ ሲቀድ ልተኛ ስል ልጁ መጥቶ ሰንሰለቴን ፈታው። ሰንሰለቴ በዚያ ሰዓት ተፈትቶ ስለማያውቅ ሌባ የገባ መስሎኝ ጮኽሁ። ልጁ ግን አንገቴን ዐቅፎ ወደ አውቶሞቢሉ ወሰደኝ። ከዚያ በፊት አውቶሞቢሉን የማውቀው ጎማውን በማሽተት ነበር፤ ጌታዬ ወዴት ውለው እንደ መጡ ማታ ማታ ጎማው ይነግረኛልና። በውስጡ ስገባ ግን የቆምሁበት ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አስመለሰኝና የእመቤቴን ነጠላ አበላሸሁ። ማንም አልመታኝም፤ እመቤቴ ግን እስከ ቃሊቲ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

«አቃቂን ስናልፍ መስኮቱ ተከፈተልኝና አፍንጫዬን አወጣሁ። የወንዙ ጭቃ፥ የተቆላ ቡና፥ የከብት መንጋ፥ ሌሊት መንገዱን ያቋረጠ ጅብ፥ የማላውቃቸው ብዙ ውሾችና የየአንዳንዳቸው ጠባይ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። የትኛውን አስቀድሜ እንደምሰማ ግራ ገባኝ። በዱከም የሥጋ ቤቶቹ ከግራና ከቀኝ ተሰልፈው ሳሉ ጌታዬ ለምን እንዳልቆሙ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

እዚህ ላይ ቃሉን ጥቂት እናቋርጥ። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚቀበሉት ሕዋሳት ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ በውሻ አፍንጫ ያሉት ግን እንደ ዘሩ ቢለያዩም ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ። እኛ ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ ያለውን 45 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለ ዕቃ መወደድ ስንነጋገር ጨረስነው፤ በመንገድ ምን አያችሁ ተብለን በመሐላ ብንጠየቅ የምንመሰክረው አልነበረንም። ከዚያ አውቶሞቢል ውስጥ በእውነት የተጓዘው ውሻው ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል።

«ሆራ በሚሉት ሐይቅ ዳር ወረድን። ይህን ያህል ውኃ በአንድ ሳሕን ተቀምጦ አይቼ አላውቅም። ልጠጣ ብዬ ብቀርብ አንዲት ዳክዬ ተቆጣችኝና ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ ልጁ ኳስ ወረወረ። ከእጁ ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ከሣሩ ላይ ስታርፍ ግን ጠፋችኝ። በአፍንጫዬ እየፈለግሁ ስዞር ጌታዬ ‹ይህ ውሻ ዕውር ነውን? ከፊቱ ተቀምጣለች እኮ!› ብለው ሣቁ። ልጁ ግን አልሣቀም።»

ኳሷ ቀይ ነበረች፤ ሣሩም አረንጓዴ። የውሻ ዓይን ሰማያዊንና ቢጫን ለይቶ ሲያይ፥ ቀይንና አረንጓዴን ግን መለየት ይቸግረዋል። ይህን ያወቅነው ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሆነ፥ በዕለቱ በእንግዶች ፊት ደንቆሮ ብለን ሰድበነዋል።

«ስድስት ሰዓት ሲሆን የተጠበሰ ሥጋ ሸተተኝ። ሁሉም ወደዚያው ሄዱ፤ እኔ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ቀረሁ። ጌታዬ ‹ጠብቅ› አሉኝ። መጠበቅ ሥራዬ ነውና ጠበቅሁ። በመጀመሪያ ጥላ ነበረ። ቆይቶ ፀሐይ በጭራዬ ላይ መጣች፥ ከዚያም በጀርባዬ፥ ከዚያም የምሸሽበት ቦታ አጣሁ። ምላሴን አወጣሁ። የማነፍሰው አየር ከሆዴ ይልቅ ይሞቅ ነበር። ልጩኽ አልሁ፤ ነገር ግን የተማርሁት ሌባ ሲመጣ መጮኽ ነው፤ ሌባም አልመጣም። ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

የደፋር ቃል እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ ወዲያ የምንጽፈው የራሳችን ቃል ነው።

ምግብ ቤቱ ውሻ አያስገባም፤ በዚህም አንቃወመውም። አውቶሞቢሉን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አቁመን መስኮቶቹን ሁለት ሁለት ጣት ያህል ከፍተን ስንተወው፥ ለውሻው ያዘንን መስሎን ነበር። ጥላ እንደሚዞር አላሰብንም። ግማሽ ሰዓት እንቆያለን ብለን ከገባን በኋላ አንድ የድሮ ባልንጀራችንን አገኘን፤ የሹመትና የዝውውር ወሬ ተነሣ፤ ቡናም ተጨመረ። ልጃችን ሁለት ጊዜ፥ «አባባ፥ ደፋርን ልየው?» ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሁለት ጊዜም፥ «ትልቅ ሰው ሲናገር ከማዕድ አይነሡም» ብለን አስቀመጥነው። ሦስተኛ አልጠየቀም። ቍልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ፥ አንድ አጥንት በእጁ ይዞ ሹልክ ብሎ ወጣ። ጩኸቱን በሰማን ጊዜ ከገባን አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

በደረስን ጊዜ ደፋር በወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ዓይኑ ፈጥጦ ነበር፤ ምላሱ እንደ ጥቍር ወይን ጠጅ መልክ ሆኗል። እኛ ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠን በረዶ አምጡልን ስንል፥ በመድከም ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አልተናገሩንም፤ ውሻውን አንሥተው ከጥላ ሥር አስተኝተው፥ ከቧንቧው የቀዱትን ውኃ በሆዱና በእግሮቹ መካከል ያፈሱበት ጀመር። «ጌታዬ፥ በረዶው ይቅር፤ ማራገቢያ ይፈልጉልኝ» አሉን። ያገኘነው ማራገቢያ በኪሳችን የነበረው ጋዜጣ ነው። ለዐሥራ ዐምስት ደቂቃ ያህል እኛ ስናራግብ፥ እርሳቸው ውኃ ሲያፈሱ፥ ልጁም ራሱን በጭኑ ላይ ይዞ ሲጠራው ቆየን። በመጨረሻ የጭራው ጫፍ ተነቃነቀ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው በዚሁ በቢሾፍቱ ስለ ሆነ በከተማው የእንስሳት ሐኪም ማግኘት ብዙ አላስቸገረንም። አንድ ሐኪም በእሑድ ቀን ከቤታቸው መጥተው ሙቀቱን ለኩ። የውሻ የሰውነት ሙቀት በጤናው ጊዜ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ ከ41 ሲያልፍ ለሞት ያሠጋል። ደፋር ውኃ ፈስሶበትም 40 ተኩል ነበረ። ሐኪሙ እንደ ነገሩን፥ ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ከእግሩ መዳፍ በቀር ላብ የሚያወጣበት የለውም ለማለት ይቻላል። ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ራሱ ከጋለ ግን ማለክለኩ ድካም ይጨምርበታል እንጂ አያበርደውም። በረዶም የቆዳውን ደም ሥር ስለሚያጠብ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ይሻላል አሉ። ሽማግሌው ይህን ያለ ትምህርት ቤት ማወቃቸው አስደነቀን፤ በቅሎ በሙቀት ስትወድቅ የሚደረገውን ነው ያደረግሁት አሉን።

እኛ ስለ መስኮቱ ስንከራከር ሐኪሙ በአሜሪካ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የታተመ አንድ ምርመራ ጠቀሱልን። በፀሐይ የቆመ የተዘጋ አውቶሞቢል ውስጡ በአንድ ሰዓት ጊዜ በአማካይ ከውጭው አየር በላይ 22 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ከዚህም ጭማሪ ከዐምስት እጅ አራቱ እጅ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይፈጸማል። ውጭው ብዙ ያልሞቀበት ቀን እንኳ ነገሩ አይለወጥም። መስኮቱን ጥቂት መክፈትም ይህን ያህል አይረዳም። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ብቻ ብንቆይ ኖሮ ደኅና ነበር ብለን የምናቀርበው መከላከያ ሁሉ ወደቀ።

ማታ ቤታችን ስንገባ እናታችን ደፋርን በጋቢ ተጠቅልሎ አዩት። የሆነውን ልጁ ነገራቸው፤ እኛንም ምንም አልተናገሩንም። ልጃችን ሦስት ቀን ያህል ከጠየቅነው በቀር ከእኛ ጋር አልተነጋገረም። በአራተኛው ቀን ሰማያዊ ኳስ ገዝተን ገባን፤ ተቀብሎ እጅ ነሣ፤ ከዚያም ኳሷን ሳይሆን በሩን እያየ፥ «አባባ፥ ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር» አለን። የምንመልስለት ስለ ጠፋን፥ አዎን፥ ጠይቀኸናል አልነው።

ደፋር ድኗል። አውቶሞቢሉ ሲነሣ ግን ከልጁ ኋላ ይቆማል፤ ጎማውንም እንደ ቀድሞው ቀርቦ አያሸትም። ስለዚህ አሁን እሑድ እሑድ ማለዳ፥ ፀሐይ ሳትበረታ፥ ወደ እንጦጦ ግርጌ በእግራችን እንወጣለን። ልጁ ይቀድማል፥ ውሻው ይከተለዋል፥ እኛም ውኃ የያዘ ቅል ተሸክመን ከኋላ እንመጣለን። በየድንጋዩና በየባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ሲያነፈንፍ ቀድሞ ሰንሰለቱን እንስብ ነበር፤ አሁን ቆመን እንጠብቀዋለን፤ አንዳንድ ጊዜም እዚያ ምን እንዳለ እርስ በርሳችን እንገምታለን።