በውሻዎ ቆዳ ላይ እብጠት ካዩ

ጦር ኃይሎች አካባቢ ግቢ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ውሻም አለው። ውሻው ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይፈታል፤ በሩን ክፍት ካገኘም ወጥቶ ከሰፈር ውሾች ጋር ያድራል። ታዲያ አንድ ቀን ሲያጥቡት ወይም ሲያሻሹት እጅዎ እብጠት ላይ ያርፋል። ትንሽ ከሆነ “በራሱ ይጠፋል” ተብሎ ይተዋል፤ መልኩ ካስጠላ ደግሞ “ለልጆቹ እንዳይተላለፍ” ተብሎ ውሻው ይባረራል። ሁለቱም በዓይን ብቻ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው።

የውሾችን የአባላዘር ዕጢ እንውሰድ። ባለቤት አልባ ውሾች በሚበዙባቸው ከተሞች ይዘወተራል። አበባ ጎመን የመሰለ፣ ቀይ፣ ሲነካ ቶሎ የሚደማ ሆኖ በብልት ላይ ይወጣል። ውሾች ስለሚላላሱና ስለሚሸታተቱ በአፍንጫና በአፍም ሊወጣ ይችላል። የሚያስገርመው፣ የሚተላለፈው ጀርም ሳይሆን የካንሰሩ ሕዋስ ራሱ ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት በአንድ ውሻ ላይ የጀመረው ዕጢ ዛሬም ከውሻ ወደ ውሻ እየተሻገረ ይኖራል። ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

በሴቷ ላይ የሚታየውን ደም ብዙዎች “ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ነው” ብለው ያልፉታል። ያ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ነው የሚቆየው። ደሙ ከዚያ ካለፈ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። የወንዱ ደም የሽንት ሕመም፣ የአፍንጫው ደግሞ ነስር ይመስላል።

ይህ አስቀያሚ ዕጢ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኞቹ ውሾች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናሉ። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ሥጋ ስለሚጎዳ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነው። በሕክምናው ሰሞን የውሻውን ሽንትና ዓይነ ምድር ያለ ጓንት አይንኩ። የተባረረ ውሻ ግን ሳይታከም ዕጢውን ለሌሎች ያዳርሳል።

በተቃራኒው፣ ጉዳት የሌለው የሚመስል ትንሽ እብጠት ማስት ሴል የተባለው ዕጢ ሊሆን ይችላል። በውሻ ቆዳ ላይ ከሚወጡት አደገኛ ዕጢዎች በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። አንዳንዴ ዛሬ ያብጣል፣ ነገ ይጎድላል፤ ባለቤቱም “እየዳነ ነው” ብሎ ይዘናጋል። ሲነካካ ስለሚቀላና ስለሚያብጥ አይጫኑት። በዕድሜ የገፋና የወፈረ ውሻ ቆዳ ሥር የሚንሸራተት ለስላሳ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ስብ ብቻ ነው፤ ሆኖም ማስት ሴልም በጣት ሲዳሰስ ስብ ሊመስል ይችላል።

የሚለየው መርፌ ነው። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጥቂት ሕዋስ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልግም። አንዳንዱ ዕጢ ግን ተቆርጦ መመርመር አለበት። እብጠቱ የሽምብራ ፍሬ ካከለ ወይም አንድ ወር ከቆየ አይጠብቁ። ቀኑን ይጻፉ፣ ከሳንቲም አጠገብ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በምላጭ መቁረጥ፣ በክር ማሰር፣ በጋለ ብረት መተኮስ የውሻውን ስቃይ ከማብዛት በቀር ዕጢውን ከሥሩ አያወጣም።

በቅርብ ያለው ክሊኒክ ምርመራው ከሌለው ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ሲሄዱ የውሻውን አፍ በጨርቅ ወይም በአፍ ማሰሪያ ይያዙ፤ ሕመም ያለበት ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደበትን ካርድም አይርሱ።